የቦዩ ከንፈር

ማሽኑ ለሳምንታት አንድ ቁጥር ብቻ ሲናገር ሰነበተ። ውኃው ሲሞላም ያው፣ ሲጎድልም ያው፤ ጠዋትም ያው፣ ከሰዓትም ያው። ሰፈሩ ሁሉ ሲገረም የተከፋው ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ማሽኑን የሠራው ፍፁም ነው።

ከሁሉ ይልቅ የተደሰቱት አባቱ ናቸው። አቶ ወንድሙ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው መስኖ ላይ የውኃ አባት ናቸው። የውኃ አባት ማለት ተራ የሚያወጣ፣ ቦይ የሚከፍትና የሚዘጋ፣ በውኃ የተጣላን የሚዳኝ ሰው ነው። ከወንዙ ተጠልፎ የሚመጣው ትልቁ ቦይ እሳቸው ደጅ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ላይኞች ወደሚባሉት፣ ወደ ብርቱካኑና ወደ ማንጎው ይሄዳል፤ የአቶ ወንድሙም ብርቱካን እዚያው ነው። ሌላው ቁልቁል ወርዶ ወደ ታችኞቹ የሽንኩርት መሬት ይዘልቃል። የአንዱ ተራ ሲሆን የሌላው ይዘጋል። መከፈያው ላይ ከውኃ አባት በቀር ቆሞ የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ኖሮም አያውቅም። በውኃ አባት ላይ ጠባቂ ማቆም፣ ሌባ ነህ ብሎ በአደባባይ ከመስደብ አይለይም።

ዘንድሮ ግን ታችኞቹ ማጉረምረም ጀመሩ። በተራችን ቀን ውኃው ጠዋት ደህና ይመጣና እኩለ ቀን ላይ ይቀጥናል አሉ። አቶ ወንድሙም “ፀሐዩ ነው” አሏቸው። “መንገዱ ረጅም ነው፤ አሸዋውም ይጠጣል፣ ፀሐዩም ይጠጣል። እኔ ፀሐይን በምን ልዝጋው?”

ፍፁም ጣልቃ የገባው ይሄኔ ነው። ከቻይና ከተመለሰ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። ናንጂንግ ድረስ ሄዶ የውኃ ምህንድስና ተምሮ ቢመጣም፣ ወልድያ የቀጠረው ፕሮጀክት ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ እሄዳለሁ፣ አልሄድም እያለ በአባቱ ቤትና በወልድያ መካከል ይመላለሳል። የሰፈሩ ሰው ሲያገኘው “መጣህ እንዴ?” አይለውም፤ “አልሄድክም እንዴ?” ነው የሚለው። የታችኞቹን እሮሮ ሲሰማ እውነቱን ለመናገር ደስ አለው። የሚጠቅምበት ነገር አገኘ። አባቱ እንደማይሰርቁ ደግሞ ጥርጥር አልነበረውም፤ በሌላው ነገር ሁሉ ተጠራጣሪ ነው፣ በዚህ ግን አልነበረም።

ሻንጣው ውስጥ የክብሪት ሳጥን የምታህል ሴንሰር ነበረችው። ሰው የማይሰማው ቀጭን ድምፅ ወደ ታች ትለቃለች፤ ድምፁ ውኃውን ነክቶ ሲመለስ ትሰማለች፤ ለመመለስ ከፈጀበት ጊዜ ተነስታ ውኃው ምን ያህል እንደራቀ ታውቃለች። ከመከፈያው ዝቅ ብሎ፣ በታችኞቹ ቦይ ላይ ግንድ አጋድሞ ሰቀላት። ቁጥሩ ወደ ስልኩ ይመጣል፤ ስልኩም ቁጥሩን በመስመር ያሳያል። ማሽን ሰው አይደለምና ማንም አልተቀየመም።

መስመሩም እንደ ተወጠረ ገመድ ቀጥ አለ። አቶ ወንድሙ የልጃቸውን ስልክ እየነጠቁ ለመጣ ለሄደው ያሳያሉ።

“ያውላችሁ! ከጠዋት እስከ ማታ ዝንፍ የለም። ቻይና ድረስ ልኬ ያስመጣሁት ምስክር ነው።”

ቦዩ በመጨረሻ የሚደርሰው እትዬ ደብሪቱ መሬት ላይ ነው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን የሚያርሱ፣ ምላሳቸው የማያርፍ ሴት ናቸው። ስልኩን ተቀብለው ዓይናቸውን አጥብበው አዩና መለሱት።

“እንግዲህ ማሽኑ የተማረ ነው” አሉ። “የኔ ሽንኩርት ግን መሃይም ስለሆነ ይጠወልጋል።”

ሰዉ ሳቀ። ፍፁም ብቻ አልሳቀም። ውኃ ቀጥ ያለ መስመር እንደማይሠራ ያውቃል። ንፋስ ይነካዋል፣ ቅጠል ይዘጋዋል፣ ወንዙ ራሱ ከፍ ዝቅ ይላል። ሄዶ ግንዱ ላይ በሆዱ ተኝቶ ወደ ታች ሲያይ ነገሩ ገባው። ቦዩን የሠሩት ሰዎች ግድግዳውን ሲገነቡ መሃል ላይ በሲሚንቶ የተለሰነ ጠርዝ ትተውለታል፤ ሰዉ የቦዩ ከንፈር ይለዋል። የሴንሰሯ ድምፅ እንደወጣ ይበተናል። ከተበተነው ጥቂቱ ከንፈሩን ይመታና ቀድሞ ይመለሳል። ውኃው ላይ የወረደው ደግሞ ሞገዱ እየበተነው፣ የሚመለሰው በጣም ደክሞ ነው። ማሽኑ እስከ ዛሬ ሲለካ የኖረው ውኃውን ሳይሆን ሲሚንቶውን ነው።

በማግስቱ መርሳ ወርዶ ብረት በያጁ ዓሪፍ ዘንድ ገባ። ዓሪፍ እኩያው ነው፤ እጁ ሲሠራ አፉም አብሮ ይሠራል።

“ኢንጂነር! ምን እግር ጣለህ?”

“የአልትራሳውንድ ዕቃ ይዤ ነው።”

“አልትራሳውንድ?” አለ ዓሪፍ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፍቶ። “ቦይ ላይ ሰቀለው ያሉኝ? ታዲያ ቦዩ ስንት ወሩ ነው?”

“ቀልዱን ተወውና ስማኝ። ድምፁ ይበተንብኛል። ሲወጣ ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ የሚጥልልኝ፣ ሲመለስ ደግሞ አጠራቅሞ የሚያቀብለኝ ነገር እፈልጋለሁ። አፉ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ።”

“ጥሩምባ በለኛ!”

ዓሪፍ ከጓሮው ቁርጥራጭ ብረት መሃል በጦርነቱ ጊዜ ከተቃጠለ መኪና የተነቀለ ጥሩምባ ጎትቶ አመጣ። “ይቺ ከደሴ እስከ ወልድያ አህያ ስታስደነብር የኖረች ናት። አሁን ልታዳምጥ ነው?”

“ሁለቱንም ነው የምታደርገው፤ ትጮሃለችም ታዳምጣለችም።”

“እንደ አማቴ ናታ። እሷ ግን ማዳመጡ ላይ ትንሽ ይቀራታል።”

የመጀመሪያው አልሆነም። ጉሮሮው ረዝሞ ድምፁ ብረቱ ውስጥ እየተንገጫገጨ ማሽኑን ጭራሽ አሳበደው። ፍፁም ሒሳቡን ደግሞ ሠራ፤ ዓሪፍ እየተሳደበ ደግሞ ቆረጠ። በብረቱና በሴንሰሯ መካከል የመኪና ጎማ ቁራጭ ሲያስገቡ መንገጫገጩ ቆመ። ሠርተው ሲጨርሱ ከጭብጥ ብዙም የማይበልጥ፣ እንደ አደይ አበባ የተከፈተ ትንሽ ጥሩምባ ወጣው። ፍፁም ይዞት ሄዶ ግንዱ ላይ አፉን ወደ ውኃው ደፍቶ አሰረው።

መስመሩም ወዲያው ነፍስ ዘራ። ድንጋይ ሲጥል ይንቀጠቀጣል፤ ቅጠል ሲያልፍ ዝቅ ከፍ ይላል። ውኃው ለማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰማው። ፍፁም ከተመለሰ ወዲህ ያን ያህል ደስ ብሎት አያውቅም፤ ብቻውን ቦዩ ዳር ቆሞ ሳቀ።

ከዚያ የታችኞቹ ተራ ደረሰ። ፍፁም መርሳ ዓሪፍ ዘንድ ቁጭ ብሎ ስልኩን ያሳየዋል። መስመሩ ረፋዱን ሁሉ ከፍ ብሎ እየተርገበገበ ሄደ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ቁልቁል ተሰበረ።

“ሠራች!” አለ ዓሪፍ ጭኑን መትቶ። “ያው ቀጠነ። እውነታቸውን ነበር በለኛ! ... ምነው? ምነው ፊትህ?”

ፍፁም ዓይኑን ከመስመሩ አልነቀለም። ፀሐይ ውኃ ስትጠጣ ቀስ ብላ ነው። ይሄ ግን እንደ ደረጃ ነው የወረደው። እንዲህ የሚወርደው የሰው እጅ ሲገባበት ብቻ ነው።

ባጃጅ ይዞ ሄደና መታጠፊያው ላይ ወርዶ በእግሩ ገባ። አቶ ወንድሙ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ቦዩ ውስጥ ቆመዋል። አሸዋ የሞላ ማዳበሪያ በታችኞቹ በር ላይ አጋድመው በእግራቸው እየረገጡ ያመቻቹታል። ከውኃው ሲሶው ታጥፎ ወደ ብርቱካኑ ይወርዳል። ልጃቸውን ሲያዩ አልደነገጡም። ጨርሰው ነው ቀና ያሉት።

“ምሳ በላህ?” አሉት።

“አባ፣ ፀሐይ ነው ብለዋቸው ነበር።”

“ፀሐይም አለበት።”

“ማሽኑ አይቶታል።”

“ማሽንህ አፉን ይዞ ተቀምጦ አልነበር እንዴ? አሁን ምን አስለፈለፈው?”

“ጥሩምባው ነው።”

አቶ ወንድሙ ቁልቁል የተደፋችውን ብረት አዩዋት። ከቦዩ ወጥተው እግራቸውን በሣሩ ላይ ጠረጉ።

“ወልድያ ስትማር የቤት ኪራይህ ከየት የመጣ ይመስልሃል? ከዝናብ? ያ ብርቱካን በተራው ብቻ ቢጠጣ ኖሮ ያን ዓመት ይደርቅ ነበር። አንተም ናንጂንግ የሚባለውን አገር ስሙንም አትጠራው።”

“ተምሬ እኮ ጨረስኩ፣ አባ። አሁንስ ለምንድን ነው?”

“ዛፉ መጨረስህን አያውቅም።”

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ልጁ አጠገብ ቁጭ አሉና፣ ለሌላ ሰው የሚያወሩ ይመስል ፊታቸውን ወደ ውኃው አዙረው ቀጠሉ።

“የታችኞቹ አብዱልሐሊም ለእሁድ ጉባኤ ጠርቷል። ታችኞቹ ማል ሊሉኝ ነው። ውኃ አፍሼ፣ ‘በዚህ ውኃ፣ ከተራ ውጭ አልነካሁም’ ብዬ እንድምል። እንደማልምል ታውቃለህ። በውኃ በሐሰት የማለ ሰው ልጁን ይቀብራል። ያለኸኝ ደግሞ አንተ ብቻ ነህ።”

“ታዲያ ምን ሊሉ ነው?”

“ምን እላለሁ! አምኜ እነሳለኋ። በዚህ ሽበቴ ከውኃ አባትነት ተሽሬ፣ ‘ሌባው ወንድሙ’ ሲሉኝ እየሰማሁ እቀመጣለሁ።”

ፍፁም ከዚያ ቀን እስከ ቅዳሜ ሲያወጣ ሲያወርድ ሰነበተ። ስልኩን ይዞ ጉባኤ ላይ ቢቆም ነገሩ በአንድ አፍታ ያልቃል። ግን አንድ ልጅ የአባቱን ነውር በመስመር አሳይቶ እንዴት ይኖራል? አባቱ እንደማይምሉ ነግረውታል። እንግዲያው እውነቱ ከማሽኑ ሳይሆን ከራሳቸው አፍ ይውጣ አለ። በአንደበቱ ያመነ ሰው ይቅር ይባላል፤ በልጁ ዕቃ የተያዘ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን መሳቂያ ነው። ይህ ሐሳብ ሲመጣለት በጣም አማረው፤ ያማረውም ለእሱ ስለሚመቸው መሆኑን አልመረመረም። ቅዳሜ ከሰዓት ሄዶ ጥሩምባውን ፈታ። መስመሩም ወዲያው ተመልሶ ቀጥ አለ።

እሁድ ሰዉ ከመከፈያው አጠገብ ካለው ሾላ ሥር ተሰበሰበ። አብዱልሐሊም የታችኞቹ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ ተናግረው የማይደግሙ ሰው። ዱአ አደረጉ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አሚን አለ። ከዚያ እትዬ ደብሪቱ ተነስተው ውኃው እኩለ ቀን ላይ እንዴት እንደሚቀጥን፣ ሽንኩርታቸው እንዴት እንደጠወለገ አንድ በአንድ ተናገሩ። ሲጨርሱ ሰዉ ሁሉ ወደ አቶ ወንድሙ ዞረ።

አቶ ወንድሙ ተነሱ። ከንፈራቸው ነጭቷል። ወደ ቦዩ ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። ፍፁም አሁን ሊናገሩት ነው አለ በልቡ።

“ቆይ፣ ቆይ፣ አቶ ወንድሙ” አሉ አብዱልሐሊም እጃቸውን አንስተው። “ይመለሱ። ይቀመጡ።”

“ልናገር...”

“የለም፣ ወላሂ አይሆንም። ስንት ዘመን ያጠጡንን ሰው፣ ያውም በልጃቸው ፊት ማሉ አንልም። እኛም ልጆች አሉን። ድሮ ማሽን ስላልነበረ ነው ሰው በሰው ላይ መሐላ የሚጭነው። አሁን ያ ማሽን አለ። ነገ ተራችን ይገባል። ተራችን እስኪያልቅ ይይልን። ቀጠነ ካለ እንነጋገራለን፤ አልቀጠነም ካለ እኛ አጥፍተናል።”

ሰዉ “ልክ ነው! ልክ ነው!” አለ። መሐላው በመቅረቱ ሁሉም ደስ ብሎታል፤ ሽማግሌ ሲምል ማየት ለማንም አይጥምም። አቶ ወንድሙ ባሉበት ቆመው ቀሩ።

“ያ ጥሩምባ ነገር ነበረው አይደል?” አሉ እትዬ ደብሪቱ ወደ ግንዱ እየጠቆሙ። “ባለፈው ሳልፍ አይቼው ነበር። የት ሄደ?”

“ለሙከራ ነበር” አለ ፍፁም።

“ያለሱስ ያያል?”

ሰዉ ሁሉ አየው። አባቱ ግን አላዩትም፤ ጫማቸው ላይ ያለውን ጭቃ በበትራቸው ጫፍ እየፈቀፈቁ ነበር።

“ያያል” አለ ፍፁም።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ አቶ ወንድሙ ከምሳ ተነስተው፣ ከግድግዳው ሥር ማዳበሪያውን አንስተው በልጃቸው ፊት አለፉ። አረማመዳቸው ወደ ሥራው የሚሄድ ሰው ነበር።  ፍፁም ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ ስልኩን አየ፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጥሩምባውን መልሶ ለማሰር የሚፈጀው ጊዜ አጭር ነው፤ ያውቀዋል። ማክሰኞም ያውቀው ነበር። ረቡዕ ወልድያ ጉዳይ አለኝ ብሎ ሄደና፣ ጉዳይ ስላልነበረው ሲዞር ውሎ ተመለሰ።

ተራው ሲያልቅ ሰዉ ዳግመኛ ሾላው ሥር ተሰበሰበ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ማንበብ የማይችለውም መስመር ቀጥ ማለቱን ያያል። አብዱልሐሊም ረጅም ጊዜ ይዘውት ቆዩና ለፍፁም መለሱለት።

“አልሐምዱሊላህ” አሉ። “ነገሩ አለቀ። ከእንግዲህ በውኃ አባት ላይ ‘ቀጠነ’ ብሎ የሚከስ ቢኖር መጀመሪያ ከማሽኑ ጋር ይከራከር።”

እትዬ ደብሪቱ ይህን ሰምተው ተነሱ። ጎንበስ ብለው ከመሬት ድንጋይ አነሱ፤ ቀላል ድንጋይ አይደለም። ማጅራታቸው ላይ አደረጉትና ወደ አቶ ወንድሙ ሄደው አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ።

“ይቅር በሉኝ፣ የውኃ አባት። ትናንትም ሲቀጥን በዓይኔ ያየሁ መስሎኝ ነበር። ለካ ዓይኔ ነው የዋሸኝ። እርጅና ነው፤ ይቅር በሉኝ።”

አቶ ወንድሙ ቶሎ አላነሱላቸውም። እጃቸው ተዘርግቶ አየር ላይ ቆየ። ሰዉ ያመነቱት ተቀይመው መስሎት “ይቅር በሏት! ስለ ማርያም! ስለ ነቢ!” እያለ ለመናቸው። በመጨረሻ ድንጋዩን ከሴትየዋ ማጅራት አነሱና የሚጥሉበት የጠፋባቸው ይመስል በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ።

“እግዜር ይቅር ይበልሽ” አሉ።

ሰዉ አጨበጨበ። ላይኞቹ ታችኞቹን አቀፉ። አንዱ ፍፁምን ትከሻውን መትቶ “አሁን እንኳ አትሂድብን! ውርጌሳ ያሉ ገበሬዎችም እንዲህ ያለ ማሽን ይፈልጋሉ አሉ” አለው። ፍፁም አባቱን በዓይኑ ፈለገ። አቶ ወንድሙ ማንንም ሳይሰናበቱ ወደ ቤታቸው እየሄዱ ነበር።

ሰዉ ሲበታተን እትዬ ደብሪቱ ወደ ፍፁም መጡ።

“ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። ቆየት በልና አንድ ነገር ንገረኝ። ውኃው እኩል ከመጣ ጥፋቱ የመሬቴ ነው ማለት ነው። አይደል?”

“እትዬ፣ እንደሱ እንኳ...”

“ግድ የለም፣ አትደብቀኝ። ሟቹ ሁልጊዜ ‘ይቺ መሬት ነገር አላት’ ይል ነበር፤ እኔ ነኝ ስጨቃጨቀው የኖርኩት። ሲሪንቃ ምርምር ጣቢያ አፈር ያያሉ ይባላል። የምታውቀው ሰው የለህም?”

ፍፁም የሚናገረው ቃል አፉ ላይ መጥቶ ነበር። ሴትየዋ ግን እንዲህ ቀና ብለው እያዩት፣ አሁን ይህን ቢናገር ያንን ድንጋይ የተሸከሙትን አንገት ምን ሊለው ነው? አብዱልሐሊምንስ? አንድ ቀን ቢቀድም ኖሮ ይቻል ነበር፤ አሁን አይቻልም ብሎ ለራሱ ነገረው።

“አለኝ” አለ። “እኔው እወስድልዎታለሁ።”

“እግዜር ይስጥህ። አባትህም ሰው፣ አንተም ሰው።”

ሰኞ ጠዋት ሲመጡ አፈሩን እንደ ዘር አበጥረው፣ ጠጠሩን ለቅመው፣ በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው አመጡለት። ከየመደቡ ትንሽ ትንሽ ወስደዋል። ሚኒባሱ ውስጥ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። አጠገቡ የተቀመጠው ሰው “ጤፍ ነው?” ብሎ ጠየቀው፤ ፍፁም አፈር ነው ሲለው ሳቀ።

ሲሪንቃ ላይ የተቀበለው ሠራተኛ ጨዋ ሰው ነው። ቋጠሮውን ፈትቶ አፈሩን በጣቶቹ መሃል አሸት አሸት አደረገው፤ ቆንጠር አድርጎም ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ አየው።

“ደህና አፈር ይመስላል” አለ። “ምን ሆነ ነው የሚሉት?”

“ሽንኩርቱ ይጠወልጋል። ባለመሬቷ የመሬቱ ችግር ነው ይላሉ።”

“ውኃስ? በበቂ ያገኛል?”

ፍፁም በመስኮቱ ወደ ውጭ አየ። ውጭ ማሳው ላይ ሰዎች ማሽላ እየለኩ ነበር።

“ያገኛል” አለ። “በማሽን ተለክቷል።”